ሰውየውማ ቤት ደርሶታል

መጽሐፍ ማዋስ የጀመርኩት ንባብን ለማስፋፋት አይደለም። አብሮኝ የሚፈራ ሰው ፈልጌ ነው። ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳተመውን፣ መንግሥት ሰዉን ሁሉ ስለሚሰልልበት አገር የሚተርከውን «1984» የተሰኘ ልብ ወለድ አንብቤ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቱሉ ዲምቱ ካለው ብሎካችን አንድ ሰው እንኳ እንቅልፍ ቢያጣልኝ ብዬ መጽሐፉን ለጎረቤት ለቀቅሁት።

መጀመሪያ የወሰደው ፊት ለፊቴ ተከራይቶ የሚኖረው መምህር ነው። በማግስቱ ደረጃው ላይ ተገናኘን። ፊቱ ጠቁሯል። ደስ አለኝ።

«ሰውየው ብቻውን ነው የሚኖረው?» አለኝ።

«ዊንስተን? አዎ። ግን ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌስክሪን የሚባል ሰላይ ቴሌቪዥን ቀን ከሌት...»

«ኪራይ የሚጨምርበት አከራይስ የለም?»

«እሱን መጽሐፉ አያነሳም።»

«ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ይላል። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ቤት ደርሶታል!»

መምህሩ በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ እስከ ዛሬ የሚቆጥብ ሰው ነው። ቢሆንም አልተውኩትም። ዊንስተን ቤቱ ሰባተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ፣ ሊፍቱ እንደማይሠራ፣ መብራት ቀን ቀን እንደሚጠፋ፣ እግሩ ቆስሎ በየመሃሉ እያረፈ ደረጃ እንደሚወጣ ዘረዘርኩለት። ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ እግሬ ሥር ያሉትን ሁለት ጀሪካኖች አየ። ሁለታችንም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመን ትንፋሻችንን እየሰበሰብን ነበር።

እርግጥ ጥፋቱ የደራሲው ነው። ሰው ለማስፈራራት ብሎ ሊፍት አበላሸ። ሊፍት ሊበላሽ የሚችለው መጀመሪያ ሊፍት ሲኖር መሆኑን አላሰበበትም።

ምድር ቤት ያሉት እትዬ እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ታሪኩን ቡና ላይ እየተረጎምኩ አወራሁላቸው። ጥበቃችንም ስኒውን ይዞ በሩን ተደግፎ ያዳምጣል። መጽሐፉ የሚጀምረው ሰዓቶች አሥራ ሦስት ጊዜ ሲደውሉ ነው፤ የፈረንጅ አንባቢ ገና እዚህ ጋ ይደነግጣል ይባላል። እትዬ በጣታቸው ቆጠሩና «በእኛ ሰባት ሰዓት፤ ምሳ ሊበላ ነዋ የመጣው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ዊንስተን ወደ ቤት የመጣው በምሳ ሰዓቱ ነው። ኮሪደሩ የተቀቀለ ጥቅል ጎመን እንደሚሸት ስነግራቸው ቀኑን ጠየቁኝ። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የጻፈው ኤፕሪል 4፣ ማለትም መጋቢት 26 ነው።

«ሁዳዴ! ታዲያ ጎመን ካልሸተተ ክትፎ ሊሸት ነው?»

ተስፋ ሳልቆርጥ ወደ ዋናው ገባሁ። በየግድግዳው የመሪው ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፣ ሥሩ ደግሞ «ታላቅ ወንድም ያይሃል» ይላል አልኳቸው፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

እትዬ የያዙትን ጀበና አስቀመጡ።

«የእኔ ታላቅ ወንድም ካናዳ ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ። አንድ ቀን ዞር ብሎ አላየኝም። የዚህ ልጅስ እናቱ ተመርቃለች።»

የቸኮሌቱ ነገር ያሳስባቸዋል ብዬ ነበር። ራሽኑ ከ30 ግራም ወደ 20 ይወርዳል፤ በማግስቱ ታላቅ ወንድም ወደ 20 ከፍ ስላደረገልን እናመሰግናለን ተብሎ ሰልፍ ይወጣል። የሰፈራችን ዳቦም ሰሞኑን በዚሁ መንገድ ነው ያደገው፤ እትዬ ግን የጠየቁኝ ሌላ ነው። «ቸኮሌት በነፍስ ወከፍ ያድላሉ ነው የምትለኝ?»

ጡረተኛው ጋሼ ደግሞ ከርዕሱ ጋር ተጣሉ። «በ1984ማ ደርግ የለም። ግንቦት ላይ ወድቆ መስከረም ላይ 1984 ገባ። ሰውየው ዘመን ተሳስቷል።» የፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን፣ በእኛ 1976 እና 1977 ላይ እንደሚውል አስረዳኋቸው። መልስ አልሰጡኝም። የደርግ ፓርቲ ኢሠፓ የተመሠረተበት፣ አሥረኛው የአብዮት በዓል ደምቆ የተከበረበት፣ ሰሜኑ ደግሞ በረሃብ የሚያልቅበት ጊዜ ነው።

«መቼ ነው የጻፈው ያልከኝ?»

«የታተመው በ1949 ነው፤ ራሱ በ1950 ሞቷል።»

«ታዲያ ማን ነገረው?»

መዝገበ ቃላት አጠገባቸው አድርገው በሁለት ሳምንት ጨረሱት። ባለቤታቸው እንደነገሩኝ «የሁለት ደቂቃ ጥላቻ» የሚባለው ስብሰባ ላይ ሲደርሱ ግራ እጃቸው በራሱ ጊዜ ተጨብጦ ተነሥቷል። ጋሼ ራሳቸው የሰጡኝ አስተያየት አጭር ነው፦ «ሁለት ደቂቃ ቀልድ ነው። እኛ ቀበሌ ውስጥ እሑድ እሑድ ሦስት ሰዓት ሙሉ ነበር የምንጠላው።»

ከእሳቸው በኋላ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። እንቅልፍ ያጣ ሰው እስካሁን አልሰማሁም፤ የሚያድረው ሁሉ ውኃ እየጠበቀ ነው። ትናንት በር ላይ ጥበቃውን ሳገኘው ከሰላምታ ጋር ጣል አደረግሁበት።

«ያ መጽሐፌ ጠፋ መሰለኝ። መጨረሻ ያየሁት አራተኛ ፎቅ ነርሷ ጋ ነበር።»

«አልጠፋም» አለኝ፣ የጋቢውን ጫፍ ወደ ትከሻው እየመለሰ። «ነርሷ ማክሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ በጥቁር ፌስታል ይዛ ወደ ማዶው ብሎክ አሻገረችው። እጮኛዋ ጋ ነው። ገና ግማሹ ላይ ነው፤ ሌሊት ስለሚያነብ መብራቱን የሚያጠፋው ሰባት ሰዓት ነው።»