ማስተካከያ፦ ቱቲኮሪን ዋና ዝናቧን የምታገኘው በሰኔ አይደለም

ስለ ሕንድ የወደብ አውራጃ ስለ ቱቲኮሪን (ዛሬ ቱቱኩዲ) ቀደም ሲል በቀረበው መረጃ፣ ወደቡ በአረቢያ ባሕር ላይ እንደሆነና ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም እንደሚጥል ተጠቅሶ ነበር። ሁለቱም መታረም አለባቸው።

አውራጃው የሚገኘው በደቡብ ሕንዷ ግዛት በታሚል ናዱ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ፣ በስሪላንካ አቅጣጫ፣ በመናር ባሕረ ሰላጤ ዳር ነው። ከደቡብ ምዕራብ የሚነሳው እርጥብ ነፋስ አብዛኛውን ውሃውን በምዕራብ ጋትስ ተራሮች ላይ አራግፎ ስለሚመጣ፣ ከተራሮቹ ማዶ ያለችው የኬራላ ግዛት በዝናብ ስትርስ ቱቲኮሪን በፀሐይ ትነድዳለች። እዚህ ዋናው ዝናብ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ከሰሜን ምሥራቅ ሞንሱን (ዝናብ አምጪ ወቅታዊ ነፋስ) ጋር ይመጣል።

ይህ ዝርዝር ቀላል ሊመስል ይችላል፤ የአካባቢው ኢኮኖሚ ግን የቆመው በዚሁ ላይ ነው። የባሕር ውሃ ጥልቀት በሌላቸው ሰፋፊ ገንዳዎች ተይዞ በፀሐይና በነፋስ ሲተን ጨው ይቀራል። ታሚል ናዱ በጨው ምርት ከጉጃራት ግዛት ቀጥላ የምትጠራውም በአብዛኛው በዚህ አውራጃ ምክንያት ነው። ያለጊዜው የመጣ ዝናብ ለገበሬው ደስታ፣ ለጨው ሠራተኛው ግን የሚሟሟ ደመወዝ ነው።

ሌላው የቀደመው መረጃ ስህተት፣ ዕንቁ ጠለቃ የዛሬ ዋና መተዳደሪያ ተደርጎ መቅረቡ ነው። ዝናው የጥንት ነው፤ ሥራው ግን ከቆመ ቆይቷል። በ1974 እ.ኤ.አ. ከአገሪቱ ዋና ወደቦች አንዱ የሆነው ወደብ፣ ለኃይል ማመንጫዎች የሚሆን የድንጋይ ከሰል ያራግፋል። በሥራ ላይ እንዳለ የተጠቀሰው የመዳብ ማቅለጫም ከ2018 እ.ኤ.አ. ተቃውሞ ወዲህ ዝግ ነው።