ይድረስ ለክቡር እገዳ

ዕዳ አለባት ብለው ተማሪን ከምዝገባ ለሚያግዱት፣ በልጄ የኮሌጅ ድረ ገጽ ላይ በቀይ ቀለም ለተሰየሙት፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ አምላክ ይመስገን ከ42 ዶላሯ በቀር ደኅና ነኝ።

ማክሰኞ ዕለት ደጅዎ፣ የኮሌጁ የክፍያ ቢሮ ድረስ መጥቼ ነበር። የሴሚስተሩን 6,180 ዶላር ቀኑ ሳይደርስ ከፍያለሁ። እርስዎ ግን «የክፍያ ማስተካከያ» የምትባል 42 ዶላር ከየት እንደሆነ አምጥተው ልጄን ከኬሚስትሪ ምዝገባ አስቀሩብኝ። ማስተካከያው የምን እንደሆነ ለመጠየቅ ከሥራዬ ቀርቼ፣ የወረፋ ቁጥር ቆርጬ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲደርስ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ወጣት መታወቂያዬን አየ፣ ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ። «የቤተሰብ ስማችሁ አይገጥምም» አለኝ።

ክቡርነትዎ፣ የልጄ የመጨረሻ ስም የእኔ የመጀመሪያ ስም ነው። መታወቂያው ላይ አለ፤ በጣቴ አሳየሁት። «እኛ ዘንድ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው» አልኩት። ፈገግ ብሎ አባትነቴን የሚያስረዳ ሌላ ሰነድ ጠየቀኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ነበር። በስንት ልመና አባትነቴ ከጸደቀልኝ በኋላ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 የወጣ የአሜሪካ የተማሪ መረጃ ሕግ ተጠቀሰልኝ፦ ልጄ ካልፈረመች ስለ ሒሳቧ አንዲት ቃል አይነገረኝም። የምትፈርምበት ቅጽ ያለው በገጿ ላይ ነው። ገጿን የቆለፉት እርስዎ ነዎት።

«እንግዲያውስ ልክፈል» ስል ግን የማንንም ስም የጠየቀኝ የለም። 42 ዶላሯን፣ የመዘግየት ቅጣት 50 ዶላር፣ በካርድ ስለ መክፈሌም ተጨማሪ ቆረጡ። ለ42 ዶላር 50 ዶላር ቅጣት! የአራጣ አበዳሪ እንኳ ትንሽ ያፍራል።

ማታ ልጄ ደውላ «አባዬ ይቅርታ፣ ከሥራ አስቀረሁህ» አለችኝ። እሷ ምን አጠፋች? እገዳው እስኪነሣ ክፍሉ ሞልቷል። ያለ ኬሚስትሪ አንድ ሴሚስተር ይጨመርባታል፤ የሚጨመረውን ሴሚስተር የሚያስከፍለኝም ያው ቢሮ ነው። ይህን በሽሙጥ ማለፍ አቃተኝ። ይህ ዝርፊያ ነው።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ የእኔ ዘር ከተጣራ የእርስዎም ይጣራ ብዬ ሐረግዎን መቁጠር ጀመርኩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1636 በተመሠረተው ሃርቫርድ የነበሩት አያቶችዎ ክፍያቸውን በስንዴ፣ በብቅል፣ በቅቤ፣ በከብትም ጭምር ይቀበሉ ነበር። በ1640 ቦስተን አጠገብ ያለው የቻርልስታውን ጀልባ መሻገሪያ ገቢም ተጨመረላቸው። እኔም ማክሰኞ ወይፈን እየጎተትኩ ብመጣ ኖሮ የወይፈኑ የቤተሰብ ስም ከእኔ ጋር ይገጥም አይገጥም ይታይ ነበር። የመጀመሪያው ኃላፊያቸው ናትናኤል ኢተን ረዳቱን በዱላ ደብድቦ፣ ተማሪዎችም በምግቡ አማርረው፣ በ1639 ተባረረ። በምግብ ምክንያት ኃላፊ የሚጠየቅበት ዘመን ነበር ማለት ነው! (ልጄ ቤት እየበላች የምከፍለው የምግብ ጥቅል ትዝ ብሎኝ ነው።)

ደግ ዘመድም አጥተው አያውቁም። በ1847 የተቋቋመው የኒው ዮርኩ ሲቲ ኮሌጅ እስከ 1976 ድረስ የከተማዋን ልጆች ያለ ትምህርት ክፍያ ያስተምር ነበር። ከተማዋ ገንዘብ ሲያጥራት ያም ቀረ። ኢኮኖሚስቱ ሃዋርድ ቦወን በ1980 እንደጻፈው፣ ኮሌጅ የቻለውን ያህል ይሰበስባል፣ የሰበሰበውንም ሁሉ ያጠፋል። 42 ዶላሬም ስትጠፋ አልታየችም።

የስፖርት ክፍያውንማ ተዉት፤ ልጄ ሩጫ የምታውቀው አውቶቡስ ሲያመልጣት ብቻ ነው።

አሁንም ማስተካከያው የምን እንደነበረ አልተነገረኝም።

ከሰላምታ ጋር
የልጄ የመጨረሻ ስም

ግልባጭ፦
ደጅዎ ስጠና መኪናዬ ላይ የ35 ዶላር ቅጣት ለለጠፈው የመኪና ማቆሚያ ክፍል