ማስተካከያ፦ ጎልድፊሽ ቀለሟን ስለቀየረች ብቻ ታማለች አይባልም

ስለ ጎልድፊሽ አያያዝ ቀደም ሲል በወጣው መረጃ «ቀለሟን ከቀየረች ታማለችና መድኃኒት ውኃው ውስጥ ጨምሩ» ተብሎ ነበር። ይህ መታረም አለበት፤ ያለ በሽታ የተጨመረ መድኃኒት ጤነኛዋን ዓሣ ይጎዳል።

አብዛኞቹ ጎልድፊሾች ከእንቁላል ሲወጡ ቡናማ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ፣ ጥቁር ቀለም የያዙት የቆዳ ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ ብርቱካናማው ይወጣል። ብላክ ሙር የሚባለው ጥቁሩ ዝርያ እያደገ ሲሄድ ወደ ብርቱካናማ ቢያደላ፣ ቀይዋም ብትነጣ በአብዛኛው የዘር ጉዳይ ነው። ብርሃን በማያገኝ ክፍል የምትኖር ትደበዝዛለች። ቀዩንና ብርቱካናማውን ቀለም ሰውነቷ ራሱ ስለማይሠራው ከምግብ ማግኘት አለባት፤ ስፒሩሊና (በውኃ የሚበቅል አልጌ) ወይም ሽሪምፕ ያለበት ምግብ ይረዳል።

ሊያሳስበን የሚገባው በድንገት የሚመጣ ጥቁረት ነው። የክንፏን ጫፍ ቀርባችሁ ስታዩት እሳት የላሰው ወረቀት ይመስላል። ብዙ ጊዜ ይህ በአሞኒያ፣ ማለትም ከዓሣዋ እዳሪና ከተረፈ ምግብ በሚወጣው መርዝ፣ የተቃጠለ ቆዳ እየዳነ መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ እባካችሁ መጀመሪያ ውኃውን መርምሩ! አሞኒያም፣ ከእሱ የሚፈጠረው ሌላው መርዝ ናይትራይትም 0 መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ከውኃው ሩቡን ያህል ቀድታችሁ ክሎሪኑ በወጣለት ንጹሕ ውኃ ተኩት።

ወንዱ በመራቢያ ወቅት በስንጥቡ ክዳንና በፊት ክንፎቹ ጠርዝ ላይ የሚያወጣቸው ጥቃቅን ነጫጭ ነጠብጣቦችም በሽታ አይደሉም። ነጠብጣቡ ገላውን በሙሉ ካዳረሰ ግን የጥገኛ ተሕዋስ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።