ደረጃው ላይ የሚቆረጥ ስልክ

እኅቴ ቤይሩት ነው የምትሠራው። በኢሞ የምትደውልልን እሁድ ማታ፣ ማዳሟ ስትተኛ ነው፤ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ታገኛለች። እኔ ፎቅ ላይ ነኝ፤ እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ከምድር ቤት አትወጣም። "በል እማዬን አገናኘኝ" ስትለኝ ስልኩን ይዤ እወርዳለሁ። ደረጃውን ሳጋምስ ድምፅዋ ይቆራረጣል፣ ምስሏ ደርቆ ይቀራል፣ "ሪኮኔክቲንግ" ይላል። እማዬ ጋ ስደርስ ጥሪው የለም። በቀደም እሁድ እንደገና እስኪገናኝ ስንታገል ማዳሟ ነቃች። እማዬ ልጇን ሳታይ ሳምንት አለፈ።

"ኔትወርክ ነው" የሚለኝ ሰው እንዳይኖር! ኔትወርክ ቢሆንማ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ ሳወራም ይቆረጥ ነበር። ቁጭ ካልኩ ሃያውን ደቂቃ ኩልል ብሎ ይሰማል። የሚቆረጠው ስንቀሳቀስ ነው።

ቴክኒሻኑ ፎቅ ላይ አንድ፣ ምድር ላይ አንድ የዋይፋይ ራውተር ሰቀለልን። መጀመሪያ ስማቸው ለየቅል ነበር። ስነግረው ስማቸውን አመሳሰለና "በቃ አንድ ሆነዋል" ብሎ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። አንድ አልሆኑም! ገብቼ ሳየው ሁለቱም በየፊናቸው አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ስልኩ ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ ያድላሉ። ስልኬ ከላይኛው ወደ ታችኛው ሲሻገር አይፒ አድራሻው ይቀየራል፤ ጥሪው የተያያዘው ግን በድሮው አድራሻ ነው። ታዲያ እንዴት አይበጠስ?

ድምፅ እኮ እንደ ቪዲዮ አይደለም። ዩቲዩብ ስናይ ስልኩ ቀድሞ ስለሚያጠራቅም ለአፍታ ቢቋረጥ አይታወቀንም። የጥሪ ድምፅ ግን አብዛኛውን ጊዜ በየ20 ሚሊሰከንዱ እየተቆረሰ ነው የሚላከው፤ በሰከንድ 50 ቁራሽ። ስልኩ ሌላውን ራውተር ፈልጎ፣ የይለፍ ቃሉ ተረጋግጦለት፣ አዲስ አድራሻ እስኪቀበል የእኅቴ ቃል መንገድ ላይ ይፈሳል።

መቼ እንደሚሻገር የሚወስነው ደግሞ ራውተሩ ሳይሆን ስልኩ ራሱ ነው። አይፎን ለምሳሌ ሲግናሉ ወደ -70 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ከዜሮ በራቀ ቁጥር ሲግናሉ ይደክማል) ካልወረደ ሌላ መፈለግ አይጀምርም። የላይኛው ራውተር ጉልበቱ እስከ ጥግ ተለቆ ስለተተወ ስልኬ የሙጥኝ ብሎ ይይዘዋል፤ የሚለቀው ድምፁ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ይኼ ሁሉ መላ ያጣ ነገር ቢሆን ዝም እል ነበር። አንደኛው ብቻ አድራሻ ይስጥ፣ ሌላው በኬብል ተያይዞ አክሰስ ፖይንት ሞድ ላይ ይደረግ (አድራሻ ሳያድል ዋይፋይ ብቻ ያሰራጭ)፣ የላይኛው ጉልበት ይቀነስ። ሽግግሩን የሚያፋጥነው 802.11አር የሚባለው ስታንዳርድ ከወጣ እንኳ ቆየ፤ በፈረንጆቹ 2008 ነው! እሺ፣ ርካሽ ራውተር ላይ እሱ ላይኖር ይችላል። አድራሻውን ማስተካከል ግን ሰባራ ሳንቲም አይጠይቅም፤ አሥር ደቂቃ ነው። ገንዘብ የተቀበለ ሰው ያቺን አሥር ደቂቃ እንዴት ይነፍገናል?

ቅዳሜ ተመልሶ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። በኢሞ እየተነጋገርን ደረጃውን ሦስት ጊዜ ሳይወርድና ሳይወጣ አምስት ሳንቲም አልሰጠውም።