ዝገት ላይ ቀለም አትቀቡ!

ብሶቴን ልናገር። ጎንደር ውስጥ አንድ አሮጌ የብረት መብራት ዝገቱን አስለቅቆ በወጉ የሚያድስ ሰው ማግኘት ለምን እንዲህ ይከብዳል?

ፒያሳ አካባቢ ያለው የአያቶቼ ቤት በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው። በረንዳው ላይ የተሰቀለው መብራትም የዚያው ዘመን ነው። ጣሊያን በመጋቢት 1928 ጎንደር ገብቶ በኅዳር 1934 ተሸንፎ ሲወጣ መብራቱ እኛ ጋ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስንቱ በሥሩ ቡና ጠጥቷል። ክንዶቹ በመዶሻ ተቀጥቅጠው የተጠማዘዙ ናቸው። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት እያንዳንዱ የብረት ቅጠል ላይ የመዶሻው ምት ቁልጭ ብሎ ይታያል። አሁን ግን መጋጠሚያዎቹን ዝገት በልቷቸዋል። በየበዓሉ የተደራረበው ቀለም አብጦ እየተላጠ ነው፤ ከላይ ብርማ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከዚያ በታች ነጭ።

ይዤው ብረታ ብረት ቤት ስሄድ ባለሙያው ገና ሳያገላብጠው እጁ ወደ ግራይንደር፣ በሚሽከረከር ዲስክ ብረት ወደሚፍቀው ማሽን፣ ይሄዳል። "ጋሼ፣ አንዴ ልሂድበትና መስታወት ላስመስልልዎት።" ወንድሜ፣ መስታወት ማን ጠየቀህ? ያ ዲስክ ዝገቱን ብቻ መርጦ አይበላም። የመዶሻውን ምት፣ የቅጠሉን ጅማት፣ ስሱን ጠርዝ ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል። አንዴ ከሄደ ሄደ፣ የሚመልሰው የለም። እሺ፣ ግራይንደሩ ይቅር ስል ሁለተኛው መልስ ይመጣል። "ችግር የለም፣ ቀለም ሲነካው አይታይም።"

ደሜን የሚያፈላው ይኼ ነው! አይታይም ማለት የለም ማለት አይደለም። ብረት ሲዝግ ከነበረው በላይ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ቀለሙን ከሥር እየገፋ ያነሳዋል። በስንጥቁ ደግሞ ውሃ ይገባል። የጎንደር ሐምሌና ነሐሴ አንድ ጊዜ ካለፈበት በቃ፣ ቀለሙ ከነቅርፊቱ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ገንዘቡ ተከፍሏል። ቀቢው "የቀለሙ ጥራት ነው" ይላል፤ ባለ ሱቁ "የቀቢው ነው" ይላል።

ሱቁንማ አታንሱብኝ። አንቲረስት፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባ የዝገት መከላከያ፣ ስትሉ በሃይላንድ የተቀዳ ቡናማ ነገር ይሰጧችኋል። ምንድነው? "ያው አንቲረስት ነዋ፣ መልኩን አያዩትም?" በቲነር ቀጥኖ ውሃ ሆኗል። ብርጭቆ ወረቀትም ያለው ሻካራው ቁጥር 80 ብቻ ነው። ለማለስለሻ 240 ስትጠይቁ "ማን ይገዛዋል ብለን እናምጣው" ነው መልሱ።

ሥራው እኮ ትዕግሥት እንጂ የተለየ ማሽን አይፈልግም። መጀመሪያ መብራቱ ከቆጣሪው ይጠፋል፤ ገመዱና አምፖል መያዣው ይወጣል። በነገራችን ላይ የድሮው ገመድ ጨርቅ የለበሰ ነው፤ ሲነኩት ይፈረፈራል። እሱን መልሶ መግጠም እሳት መጥራት ነው። አሮጌው ቀለም ከተነሳ በኋላ ብረቱ አቼቶ ውስጥ ያድራል፤ አሲዱ ዝገቱን ያሟሟዋል። በማግስቱ በሽቦ ብሩሽ በእጅ ይፈተጋል፣ ጠባብ ጠባቡ ቦታ በጥርስ ብሩሽ። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ይታጠብና አሲዱ ይሞታል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ራቁቱን የቀረ ብረት እርጥብ ሆኖ ከቆየ ዓይናችሁ እያየ መልሶ ይዝጋል። ወዲያው ተወልውሎ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በዚያው ቀን አንቲረስቱን በስሱ መጠጣት አለበት። ክረምቱ ሳይገባ ብዬ የምጣደፈው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ልጁ ነው። ግራይንደሩ ሲነሳ ብረቱን ይዞ የሚቆመው ታዳጊ አፍንጫው ላይ ጨርቅ እንኳ የለውም። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት ሊኖርበት ይችላል። አገራችን በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90) የገደበችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የእኛ በረንዳ ቀለም ከዚያ በስንት ዘመን ይቀድማል! እንዲህ ያለ ቀለም በደረቁ አይፈተግም። እየረጠበ ይፈተግና ዝቃጩ ተሰብስቦ ይወገዳል። ይህን ስናገር "ለምደነዋል" ይሉኛል። መርዝ ይለመዳል እንዴ?

ደግሞ "ምን አደከመህ፣ ለቆራሌው ስጥና አዲስ ግዛ" የሚሉኝ ዘመዶች አሉ። አዲሱ በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚጎብጥ ቆርቆሮ ነው። ይህ አገር እኮ ብረት የሚያውቅ እጅ ነበረው። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ወለቃ ላይ ቤተ እስራኤላውያን ቀጥቃጮች ማረሻና ማጭድ እየሠሩ ገበሬውን አሳርሰዋል። ምስጋናቸው "ቡዳ" መባል ሆነ። ሙያውን ስንንቅ ኖረን ዛሬ አንድ የተጠማዘዘ ቅጠል የሚያክም ሰው ብናጣ ማንን እንወቅሳለን?

አራዳም ይሁን ማራኪ፣ አዘዞም ቢሆን እመጣለሁ። ግራይንደር ሳያስነካ በእጁ የሚፈትግ ሰው የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የፈለገውን ያህል ቀን ይውሰድ፣ በዋጋ አልከራከረውም። አቼቶውንም፣ ደህናውን ብርጭቆ ወረቀትም፣ ለሚያግዘው ልጅ የሚሆን ማስክም እኔው ይዤ እመጣለሁ።