ቀኑን አለመናገሩ ቲዎሪውን ውሸት አያደርገውም

ወንድምዓለም፣ «ደሴ መቼ እንደምትንቀጠቀጥ መናገር ካልቻሉ ይሄ የመሬት ሰሌዳ ቲዎሪ ባዶ ግምት ነው» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ቲዎሪው የሚለው የምድር ቅርፊት በዝግታ በሚንቀሳቀሱ ትልልቅ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ መሆኑን ነው። ቲዎሪ የሚፈተነው ግን ቀን በመቁረጥ ብቻ አይደለም። የውቅያኖስ ወለል መሃሉ ላይ እየተከፈተ አዲስ ድንጋይ የሚፈጠር ከሆነ፣ ከስንጥቁ በራቅን ቁጥር ድንጋዩ እያረጀ መሄድ አለበት። በ1968 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ግሎማር ቻሌንጀር የምትባል መርከብ ደቡብ አትላንቲክን መቆፈር ጀመረች፤ እንደተባለው ሆኖ ተገኘ። ባይሆን ኖሮ ቲዎሪው ጉድ ፈልቶበት ነበር!

ወደኛ ስንመጣ፣ ደሴና ኮምቦልቻ የተቀመጡት የአፋር ስምጥ ሸለቆ ዳር ላይ ነው። በ2005 (እ.ኤ.አ.) አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ተለያየ። ቀኑን ቀድሞ የተናገረ የለም፤ አፋር ላይ መሬት እየተላቀቀ መሆኑን ግን ቲዎሪው ቀድሞ ብሎታል። «ሐሙስ ማታ ይንቀጠቀጣል» የሚል የቴሌግራም መልእክት ከደረሰህ ግን፣ በናትህ፣ ለማንም አታስተላልፍ።