ጎማችሁን ሳታዩ ስለ ሾክ አታውሩኝ

ሰሞኑን አንድ የሳይክል ዕቃ ገምጋሚ የለቀቀው ቪዲዮ በየግሩፑ ሲዞር ከርሟል። ያላየው ያለ አይመስለኝም። ለማንኛውም ባጭሩ እንዲህ ነው የሚለው፦ የኋላ ሾክ (የመንገዱን ንዝረት የሚውጠው ዕቃ) የሌለው ሳይክል፣ ማለትም ሃርድቴል፣ አብቅቶለታል። በዚህ ዘመን ትሬይል፣ ማለትም የጫካና የተራራ መንገድ፣ ልንዳ የሚል ሰው ከፊትም ከኋላም ቢያንስ 140 ሚሊ ሜትር ሰስፔንሽን (ሾኩ የሚጨመቅበት ርቀት) ያስፈልገዋል። ከዚያ በታች ያለው ለአስፋልት ነው። ጀማሪ ከሆነማ ጭራሽ አደጋ ነው።

ከሥሩ “እውነት ብለሃል” የሚል ኮሜንት መዓት ነው። መሃል ላይ አንዱ ምስኪን “እኔ ያለኝ ሃርድቴል ነው፣ ልሽጠው እንዴ?” ብሎ ጠይቋል። እኔን ያበሸቀኝ ይሄ ጥያቄ ነው። ደህና ሳይክል ያለው ሰው፣ እስከ ትናንት ድረስ ደስ ብሎት ሲነዳ የነበረ ሰው፣ በአንድ ቪዲዮ የራሱን ዕቃ እንዲጠላ ተደረገ።

መጀመሪያ ያሳቀኝን ላንሳ። ረጅም ሰስፔንሽን ለጀማሪ ደኅንነት ነው ይላል። በምን ሒሳብ? ትልቅ ሾክ የሚሠራው ሥራ ድንጋዩን ከእናንተ መደበቅ ነው። ድንጋዩ አልተነሳም፤ እዚያው ነው፤ እናንተ ብቻ አልሰማችሁትም። ስላልሰማችሁት ፍሬን አትይዙም። ስላልያዛችሁ ትፈጥናላችሁ። በሰዓት ከ20 ወደ 30 ኪሎ ሜትር ስትገቡ ፍጥነታችሁ የጨመረው በግማሽ ነው፤ ዛፍ ላይ ይዛችሁት የምትሄዱት ጉልበት ግን 2.25 እጥፍ ይሆናል። ለመቆም የሚያስፈልጋችሁ ርቀትም እንዲሁ። ይሄ የስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ ነው፣ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሃርድቴል ግን ገና በ20 እያለ እግራችሁን እያንቀጠቀጠ “ቀስ በል” ይላችኋል። ጀማሪ ይሄን ማስጠንቀቂያ ነው የሚፈልገው፣ ወይስ ማስጠንቀቂያውን የሚያፍን ዕቃ? ገምጋሚው እዚህ ላይ ያሰበበት አይመስለኝም። ካሰበበት ደግሞ የባሰ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በዚያ ሁሉ ደቂቃ ውስጥ ሰውዬው ስለ ጎማ አንድም ቃል አልተነፈሰም። አንድም! ስለ ፍሬሙ ቀለም ተናግሯል፣ ስለ መሪው ስፋት ተናግሯል፣ ስለ ጎማ ግን ዝም። ሳይክሉ መሬት የሚነካው በሁለት መዳፍ በምታክል ላስቲክ ብቻ ነው። ፍሬናችሁ የቱንም ያህል ይያዝ፣ ሾካችሁ የቱንም ያህል ይርዘም፣ ሁሉም ነገር የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው። እሷን ዘልሎ ስለ ሚሊ ሜትር የሚያወራ ሰው ምን እየገመገመ ነው?

የመጀመሪያው ሰስፔንሽን ጎማ ነው። ይሄን ለምሳሌ ያህል አይደለም የምለው፤ በቁሙ ነው። 2.4 ኢንች ጎማ 61 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ውስጡ ንፋስ ነው። ከመሬት ብቅ ያለች ሥር ስታገኙ ሾኩ ገና አልነቃም። ሾክ ውስጥ ጎሚኒ አለ፣ ዘይት አለ፣ ሰበቃ አለ፤ መንቀሳቀስ ለመጀመር የሆነ ያህል መገፋት ይፈልጋል። ጎማው ግን በዚያችው ቅጽበት ጎበጥ ብሎ ሥሯን ይውጣታል። ልክ ያለው ንፋስ ከያዘ ማለቴ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚበላሸው።

ብዙ ሰው ጎማውን እንዴት እንደሚሞላ ታውቃላችሁ? የጎማውን ጎን ያያል፤ እዚያ ላይ ከፍተኛው ልክ ተጽፏል፣ ለምሳሌ 50 ወይም 60 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው)። እሱ ግን ልክ የታዘዘለት አድርጎ ይወስደውና እዚያው ድረስ ይሞላል። ያ ቁጥር “ከዚህ እንዳታልፉ” ነው እንጂ “ይሄን ሙሉ” አይደለም። ከዚያ ይወጣል፤ እርጥብ ሥር ላይ ጎማው ይነጥራል፣ ይንሸራተታል፣ እጁ ይደነዝዛል፣ ኩርባ ላይ ፊቱ ይከዳዋል። ማታ ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ይከፍታል። ገምጋሚው “ችግርህ ሃርድቴል መሆኑ ነው” ይለዋል። አይደለም! ችግርህ 50 ፒኤስአይ ነው ወንድሜ።

75 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሰው፣ 2.4 ጎማ ያለ ውስጥ ጎማ የገጠመ፣ ከፊት ከ20 እስከ 22፣ ከኋላ ከ23 እስከ 25 ፒኤስአይ ይዞ ይጀምር። ከዚያ አንድ አንድ እያለ ከፍ ዝቅ ያድርግ። ቸርኬው ድንጋይ ሲነካ “ቋ!” የሚል ድምፅ ከሰማ ትንሽ ይጨምር፤ ኩርባ ላይ ጎማው ከሥሩ የሚጠማዘዝ ከመሰለውም ይጨምር። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። መሬት ላይ የሚቆመው ትልቁ ፓምፕ ላይ ያለው ጌጅ ብዙ ጊዜ እስከ 160 ፒኤስአይ የሚያነብ ነው። በእሱ 20ንና 23ን መለየት ዘበት ነው፤ መርፌዋ ገና ከዜሮ አልተላቀቀችም። ትንሽ፣ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራች ጌጅ ግዙ። ከዕቃ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፣ ለውጡ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ይሄን ቪዲዮ ላይ አትሰሙትም፤ ማን ስፖንሰር ያደርገዋል?

የውስጥ ጎማ ያለው ሰው ደግሞ እዚህ ልክ ላይ መውረድ አይችልም። ድንጋይ ሲመታው የውስጥ ጎማው በቸርኬና በድንጋዩ መሃል ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይፈጠርበታል። ቲዩብለስ፣ ማለትም ያለ ውስጥ ጎማ የሚሠራው ጎማ፣ የመጣው ለዚሁ ነው። ቸርኬ ሠሪው ማቪክ እ.ኤ.አ. በ1999 ለማውንቴን ባይክ አድርጎ ካወጣው ወዲህ ሩብ ክፍለ ዘመን አለፈው፣ እስካሁን ግን “ቲዩብለስ ለፕሮ ነው” የሚል ሰው አለ። ቀዳዳ እንዲደፍን ጎማው ውስጥ የሚጨመረው ማሸጊያ ፈሳሽ በየጥቂት ወሩ እንደሚደርቅና መጨመር እንዳለበት የሚረሳም አለ፤ ጎማውን ሲከፍተው የደረቀ ቅርፊት ብቻ ያገኛል፣ ከዚያ “ቲዩብለስ አይሠራም” ብሎ ያወራል።

ላስቲኩም ዓይነት አለው። ለፊት ለስላሳና የሚይዝ፣ ለኋላ ጠንከር ያለና የሚንከባለል። ለስላሳው ቶሎ ያልቃል፣ ዳገት ላይም ይጎትታል፤ ግን የፊት ጎማ ሲከዳችሁ የምትወድቁት በፊታችሁ ነው፣ ስለዚህ እዚያ ላይ አትሰስቱ። ማክሲስ ሚኒየን ዲኤችኤፍ የሚባለው ጎማ ከ20 ዓመት በላይ ገበያ ላይ አለ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቸርኬው ከ26 ኢንች ወደ 27.5፣ ከዚያም ወደ 29 ሄደ፣ አሁን ደግሞ የ32 ወሬ ተጀምሯል። የጎማው ጥርስ ግን ያው ነው፣ ሰው አሁንም ይገዛዋል። ለምን ይመስላችኋል?

ታሪኩን ካነሳን አይቀር፣ ማውንቴን ባይክ የተጀመረውም በጎማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ፣ ማሪን ካውንቲ ውስጥ፣ እነ ጋሪ ፊሸርና ጆ ብሪዝ ሪፓክ የሚባለውን ቁልቁለት ሲወርዱ የነዱት ያረጀ፣ ከባድ፣ ወፍራም ጎማ ያለው ሳይክል ነበር። ሾክ የሚባል ነገር አልነበረውም። ፍሬኑ ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ዓይነት ስለነበር፣ ታች ሲደርሱ ግሪሱ ተቃጥሎ አልቆ እንደገና መሙላት ነበረባቸው። ያንን ሳይክል ከሌላው የመረጡት ወፍራም ጎማ ስለሚይዝ ነው። የሮክሾክስ የመጀመሪያው የፊት ሾክ ገበያ የወጣው ከዚያ በኋላ አሥራ ምናምን ዓመት ቆይቶ ነው፣ እሱም ቢሆን 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። “140 ከሌለህ ትሬይል አትግባ” የሚለን ሰው እነዚያን ሰዎች ምን ሊላቸው ነው? አስፋልት ላይ ነበሩ?

እሺ፣ አንድ ነገር ልስጠው። ድንጋያማ ዳገት ላይ ቁጭ ብላችሁ ስትረግጡ የኋላ ሾክ ጎማውን መሬት ላይ ያቆየዋል፣ ሃርድቴል ግን ይዘላል። የቼኩ ተወዳዳሪ ኩልሃቪ እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ በፉል ሰስፔንሽን፣ ከፊትም ከኋላም ሾክ ባለው ሳይክል፣ ወርቅ ወስዷል። አልካድኩም። ግን እሱ መካኒክ አለው። እናንተስ? ሮክሾክስ ራሱ የፊት ሾኩ የታችኛው ክፍል በየ50 ሰዓቱ ተፈትቶ ይጽዳ፣ ዘይቱም ይቀየር ይላል። በሳምንት ሦስት ሰዓት የሚነዳ ሰው በዓመት ሦስት ጊዜ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ የኋላ ሾክ ጨምሩ፣ የመጋጠሚያዎቹን ኩሽኔቶች ጨምሩ። የስንቱ ሰው ሾክ ከተገዛ ወዲህ ተከፍቶ ያውቃል?

አንድ ነገር አድርጉ። ፉል ሰስፔንሽን ያለው ጓደኛችሁ ከትሬይል ሲመለስ ሾኩን ጠጋ ብላችሁ እዩት። የሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ ቀጭን የጎማ ቀለበት አለች። ሾኩ ሲጨመቅ ወደ ላይ ትገፋና እዚያው ትቀራለች፤ ምን ያህሉ እንደተሠራበት የምታሳብቀው እሷ ናት። ብዙ ጊዜ የት ነው የምታገኟት? ግማሽ ላይ። ከላይዋ ያለው ዘንግ አቧራ ለብሷል፣ ነክቶት አያውቅም። ወይ ንፋሱን ከልክ በላይ ሞልቶታል፣ ኮርቻው ላይ ሲቀመጥ ከ25 እስከ 30 በመቶ መስመጥ እንዳለበት የነገረው የለም፣ ወይ ደግሞ ትሬይሉ ያን ያህል አይፈልግም። በሁለቱም መንገድ ሰውየው 140 ገዝቶ የሚነዳው 70 ነው። የቀረውን ዳገት ላይ ተሸክሞት ይወጣል።

ትሬይሉ አይፈልግም ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። አብዛኞቻችን የምንነዳው ከሥራ መልስ፣ ቅርባችን ያለችውን ያችኑ መንገድ ነው። በደንብ የተሠራ ትሬይል ደግሞ ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የማውንቴን ባይክ ማኅበር፣ ኢምባ፣ ባወጣው መመሪያ የአንድ ትሬይል አማካይ ተዳፋት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ መንገዱም ከተራራው ጎን ተዳፋት ከግማሽ በላይ እንዳይሾል ይመክራል። ጎርፍ እንዳይበላው ነው። እንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ ኩርባ አለ፣ ሥር አለ፣ ኮረት አለ፣ አጫጭር ዳገት አለ። የገደል ዝላይ የለም። ቪዲዮው የተቀረጸበት ቦታ ላይ ይኖር ይሆናል፣ እናንተ ግን እዚያ አትነዱም።

ከሳይክሉ ያነሰ መንገድ ላይ ትልቅ ሳይክል ይዞ የሚወጣ ሰው ምን ያደርጋል? ይሰለቻል። ከዚያ ኩርባውን ትቶ ቀጥ ብሎ አቋራጭ ያወጣል፣ የኋላ ፍሬኑን ነክሶ አፈሩን እየጎተተ ይወርዳል፣ በሚቀጥለው ዝናብ ውኃው ያንን ጭረት ይዞ ቦይ ያደርገዋል። ከዛ “ትሬይሉ ተበላሽቷል፣ ትልቅ ሳይክል ያስፈልጋል” ይባላል። ማን አበላሸው?

  

ልሽጠው ወይ ብለህ ለጠየቅከው ልጅ፣ አትሽጠው። መጀመሪያ የፊት ጎማህን በለስላሳና ሰፋ ባለ ጎማ ቀይር፣ ፍሬሙ ካስገባልህ 2.4። ቸርኬህ የሚሆን ከሆነ ቲዩብለስ አድርገው። የፊት ፍሬንህ ዲስክ 160 ሚሊ ሜትር ከሆነና ሾክህ የሚፈቅድ ከሆነ ወደ 180 አሳድገው፣ የፍሬን ሸራውንም አብረህ እየው፤ ዘይት የነካው ሸራ ይጮኻል እንጂ አይይዝም። ገንዘብ ከተረፈህ ቁልቁለት ላይ በአውራ ጣት ተጭነህ የምታወርደውን ኮርቻ፣ ድሮፐሩን፣ ግዛ። ካቴናህን ለካ፤ ባለ 12 ማርሽ ከሆነ 0.5 በመቶ ከረዘመ ጣለው፣ አለዚያ የኋላውን ጥርስ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ያችኑ የምታውቃትን መንገድ ንዳት። የፊት ሾክህ ላይ ያለችው ቀለበት በየጊዜው እስከ ጫፍ እየደረሰች ካስቸገረችህ፣ ንፋሱም ልክ ሆኖ ሳለ፣ ያኔ ናና ስለ 140 እናውራ።